ፎርሙን ጨረስኩት፣ ሰውየውን ግን አላገኘሁትም

«ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ። የተግባር ልምምድ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። የምርመራ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን እስካሁን እጄ አልተፍታታም። መጀመሪያ ሰሞን ፎርሙን ይዤ ጥያቄዎቹን ከላይ እስከ ታች አነበነብኩ። ሱፐርቫይዘሬ ‹ቃል የምትቀበል ፖሊስ መሰልሽ› አሉኝ። በሚቀጥለው ፎርሙን ዘግቼ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። ሰውየው ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ ከወንድሙ ጋር ስለተጣሉበት ነገር ነገረኝ። ሲወጣ እንቅልፉ እንዴት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የባሰው መጣ። አንዲት ወጣት ስታለቅስ አየሁ፣ ምልክቶቹን ቆጠርኩ፣ ‹ድባቴ› ብዬ ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሬ ገብተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት። ባይፖላር ሆኖ ተገኘ፤ ስሜት አንዴ የሚወርድበት፣ አንዴ ከልክ በላይ ሽቅብ የሚወጣበት ሕመም። በጣም አፈርኩ። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅም ምላሴን ያስረዋል፤ ሐሳቡን እኔው የምሰጣቸው ይመስለኛል። ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚለመደው? ወይስ ሥራው ለኔ አይሆንም? ትንሽ ጥያቄም አለችኝ፦ ማስታወሻ ፊታቸው ልጻፍ ወይስ ከወጡ በኋላ?»

ያፈረችው ተለማማጅ

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ፈገግ አልኩ። በአንቺ አይደለም፣ በራሴ ነው። እኔም ፖሊስ ሆኜ አውቃለሁ። ጸጥ ብላ ወሬ የምትሰማ ጎረቤትም ሆኜ አውቃለሁ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለቱንም ሳያልፍ የቆየ ሰው አላጋጠመኝም።

«ሥራው ለኔ አይሆንም ወይ?» ላልሽው ቶሎ ልመልስና ልለፈው። ይሆንሻል። ሰውየው ሲወጣ «እንቅልፉን አልጠየቅኩትም» ብለሽ የደነገጥሽ ልጅ ነሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ከቃለ መጠይቅ ወጥቶ ምንም የቀረው የማይመስለው ተማሪ ነው።

አንቺ ነገሩን ምርጫ አድርገሽዋል። ወይ ፎርሙ ወይ ሰውየው። ጉዳዩ ግን የተራ ነው። መጀመሪያ ታሪኩ ይመጣል፣ ጥያቄው ኋላ ይከተላል። አንዴ የመጀመሪያውን ዘለልሽ፣ ሌላ ጊዜ ሁለተኛውን።

እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ሐኪምና ታካሚ የተገናኙባቸውን 74 ቀጠሮዎች ቀርጸው አዳመጡ። ታካሚው የመጣበትን መናገር ከጀመረ በኋላ ሐኪሙ የሚያቋርጠው በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ነበር። ተናግሮ የጨረሰው ከአራት ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። የተጠኑት የውስጥ ደዌ ሐኪሞች እንጂ የኛ ሙያ ሰዎች አልነበሩም። ግን እስቲ የራስሽን ቅጂ ሰምተሽ ቁጠሪ። እኔ ቆጥሬ አውቃለሁ፤ ቁጥሩን አልነግርሽም።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለእነሱ ተይላቸው። «ዛሬ ምን አመጣዎት?» በይ፣ ከዚያ አፍሽን ያዢ። ዝም ቢሉም ያዢ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው ከሁለተኛው ዝምታ በኋላ ነው። ከዚያ የሰማሽውን በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሰሽ ንገሪያቸው፣ ካጠፋሽ ያርሙሽ። ቀጥሎ የምትይው ነገር ነው ፖሊሱን ከክፍሉ የሚያስወጣው፦ «አሁን ደግሞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ የማቀርባቸው ጥያቄዎች አሉ። አንዳንዶቹ እርስዎን ላይመለከቱ ይችላሉ። መመለስ የማይፈልጉት ካለ ይንገሩኝ።» ፖሊስ ለምን እንደሚጠይቅሽ አይነግርሽም። አንቺ ንገሪያቸው።

የወንድሙን ጠብ ሲያወራ የዋለውን ሰውዬ ግን ማቋረጥ ነበረብሽ። ነውር መስሎሽ ይሆናል። አይደለም፤ ሰውየው መንገዱን እንድትመሪው ነው የመጣው። ብቻ ከታሪኩ ጎትተሽ አታውጪው። ጥያቄሽን እዚያው ታሪኩ ላይ ስቀይው። «ከወንድምዎ ጋር የተጣሉ ሰሞን እንቅልፍዎ እንዴት ነበር? ምግብስ? ሥራ ይሄዱ ነበር?» እንዲህ ከሆነ ጠቡ ራሱ የቀን መቁጠሪያ ይሆንልሻል።

የቀን መቁጠሪያ ያልኩት በምክንያት ነው። ከጥያቄዎቼ ሁሉ አንድ ብቻ አስቀሪ ብባል «መጨረሻ ደህና የነበሩት መቼ ነው?» የሚለውን አስቀራለሁ። በኛ ሙያ ምልክቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ጊዜው ሲጨመርበት ነው የሚናገረው። አደጋ የደረሰበት ሰው ሌሊት እየባነነ፣ ቀን እየደነገጠ ቢመጣ፣ ሁለት ሳምንቱ ከሆነ ፒቲኤስዲ (ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) አትዪውም። ለዚያ ስም ከአንድ ወር ማለፍ አለበት። ድባቴ ቢያንስ 2 ሳምንት ይፈልጋል። በዲኤስኤም፣ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ፣ አጠቃላይ የጭንቀት ሕመም 6 ወር ይጠይቃል። ስኪዞፍሬኒያ ላይ ደግሞ ሁለቱ መመሪያዎች ራሳቸው አይስማሙም፤ ዲኤስኤም 6 ወር ይላል፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ አይሲዲ-11 አንድ ወር ይበቃዋል።

ተማሪ ሳለሁ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ ሸመደድኳቸው። አንቺም ሸምድጃቸው። ነገር ግን ሰው ሕይወቱን «ከስድስት ወር በፊት» ብሎ አያስታውስም። «ቤት የቀየርን ጊዜ»፣ «ልጄ ትምህርት የጀመረች ዓመት» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ባዶ ወረቀት ላይ አግድም መስመር አሰምርና ከሰውየው ጋር አብረን እንሞላዋለን። መጠጡ ነው ሐዘኑ የቀደመው? እንቅልፍ ማጣቱ ነው ጥርጣሬው? ወረቀቱ ላይ ሲቀመጥ አንዳንዴ ሰውየው ራሱ «እንዴ!» ይላል።

ወደ ወጣቷ እንምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ቆጠራሽ ስህተት አልነበረም። ከ9ኙ የድባቴ ምልክቶች 5ቱን አግኝተሻል፤ ከመካከላቸውም አንዱ የስሜት መውረድ ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ መደብዘዝ ነው። ልጅቷ በእርግጥም ድባቴ ውስጥ ነበረች። የሳትሽው ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ስም ሲገጥምልሽ ፍለጋውን አቆምሽ። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቁልፉን ሲያገኝ መፈለጉን ይተዋል፤ ልክ ነው። እኛ ግን ስንት ቁልፍ እንደጠፋ ሳናውቅ ነው የምንፈልገው።

ባይፖላር ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደኛ የሚመጣው ስሜቱ ሲወርድ ነው። ሽቅብ ሲወጣማ ማን ይመጣል? «ጉልበቴ በዛብኝ፣ ሐሳቤ ፈጠነብኝ፣ እርዱኝ» የሚል እምብዛም ነው። ካልጠየቅሽ አይነግሩሽም። ሱፐርቫይዘርሽ ምን ብለው እንደጠየቋት አልጻፍሽልኝም፤ እኔ ልገምት፦ «የዚህ ተቃራኒ ሆኖብሽ ያውቃል? ለተከታታይ ቀናት ጥቂት ብቻ ተኝተሽ ያልደከመሽ፣ ሰዎች ‹ምን ነካሽ?› ያሉሽ ጊዜ ነበር?» ነገሩ ያለው እንቅልፉ ላይ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎት ያደረ ሰው ጠዋት ይዝላል። ማኒያ ውስጥ ያለ፣ ማለትም ስሜቱና ጉልበቱ ከልክ በላይ ሽቅብ የወጣ ሰው ግን ሁለት ሰዓት ተኝቶ፣ ቤት ሲያጸዳና ዕቃ ሲገለባብጥ አንግቶ፣ ትኩስ እንደሆነ ይውላል። ሁለቱም ፎርሙ ላይ «እንቅልፍ ቀንሷል» ተብለው ሊሞሉ ይችላሉ።

ቀኖቹንም ጠይቂ። አንድ ሳምንት ከሞላ፣ ወይም ሳይሞላም ሆስፒታል ካስገባ ማኒያ ነው። ቀለል ብሎ 4 ቀን ከቆየ ሃይፖማኒያ ይባላል። ከተቻለ በፈቃዷ የቅርብ ሰው አነጋግሪ፤ እሷ ራሷ ያን ጊዜ «ምርጡ ወቅቴ» ብላ ልታስታውሰው ትችላለችና። ይህ የስም ጨዋታ እንዳይመስልሽ። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ወደ ማኒያ ሊያሻግረው ይችላል።

እኔ ከብዙ ስህተት በኋላ አንድ ልማድ ይዣለሁ። በልቤ አንድ ስም ብቅ ሲል የሚቀጥለውን ጥያቄ ያንን ስም ለማፍረስ እጠይቃለሁ። ማጽናትማ ቀላል ነው። «ያዝናሉ? ይደክምዎታል? ያለቅሳሉ?» እያልሽ ከሄድሽ ምስኪኑ ሰው «አዎ፣ አዎ» እያለ ይከተልሻል። ድባቴ መስሎኝ ከሆነ ስለ ማኒያ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ በቅርቡ ስለሞተባቸው ሰው እጠይቃለሁ። ታይሮይድንም፣ አንገት ላይ ያለችውን ዕጢ፣ አልረሳም። ሥራው የቀነሰ ታይሮይድ ያደክማል፣ ያወፍራል፣ ሐሳብ ያዘገያል። ሥራው የበዛ ደግሞ ልብ ያስመታል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ያልባል፤ ጭንቀት ነው ብለሽ ትምያለሽ። የደም ምርመራ ማዘዝ ያንቺ ሥራ አይደለም። «ሐኪም ይያቸው» ብሎ መጻፍ ግን ያንቺ ነው።

ቃለ መጠይቁን ራሱን የምታቆሚበት ጊዜም አለ። አንድ አዛውንት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት ነገር ተምታቶባቸው፣ የሌለ ነገር እያዩ፣ አንዴ ነቃ አንዴ ፈዘዝ እያሉ ቢመጡ ምልክት መቁጠሩን ተይው። ከጀርባው ኢንፌክሽን ወይም የመድኃኒት ጣጣ ሊኖር ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ይህን ሁሉ ስል ፎርሙን የናቅኩ እንዳይመስልሽ። በ1960ዎቹ የኒውዮርክ ሐኪሞች «ስኪዞፍሬኒያ» የሚለውን ስም ከለንደን ሐኪሞች እጅግ አብዝተው ይሰጡ ነበር። ተመራማሪዎች የሁለቱንም ከተሞች ታካሚዎች በአንድ ዓይነት የተደራጀ ቃለ መጠይቅ እንደገና ሲያዩአቸው ልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ። የተለያዩት ሐኪሞቹ እንጂ ታካሚዎቹ አልነበሩም ማለት ነው። ያረጀ ታሪክ ነው እንዳትዪ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለወጣው ዲኤስኤም-5 በተደረገው የመስክ ሙከራ ሁለት ባለሙያዎች አንድን ሰው ለየብቻ፣ በተለመደው አጠያየቅ አዩ። ከባድ ድባቴ ላይ የተስማሙበት መጠን በካፓ መለኪያ 0.28 ብቻ ነበር። 0 ማለት ስምምነቱ ከአጋጣሚ አይሻልም፣ 1 ማለት ፍጹም ስምምነት ነው። እንግዲህ የተለማመዱት ሰዎች ይህን ያህል ከተለያዩ፣ የሦስት ወር ተለማማጅ ብትሳሳት ምን ይገርማል?

ስለዚህ ሚኒ የሚባለውን አጭር ቃለ መጠይቅ ተማሪው። በ15 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በኋላ ወደ ረጅሙ፣ ወደ ስኪድ ትሄጃለሽ። ጥያቄዎቹን ደጋግመሽ በራስሽ አፍ እስኪለመዱ አንብቢያቸው። ያኔ ዓይንሽ ወረቀቱ ላይ መዋሉ ይቀራል። እንደ ፒኤችኪው-9 ያሉት የድባቴ መጠይቆች ደግሞ ማጣሪያ ናቸው፤ ከ27 ነጥብ 18 ያመጣ ሰው ነጥብ አመጣ እንጂ ዲያግኖሲስ አላመጣም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፎርሙ የማያውቀው። ሰው የሚናገረው ቃል ምልክቱ አይደለም። «ጨነቀኝ» ያለሽ ሰው ምን ማለቱ ነው? አንዱ ልቡ ይመታበታል፣ ሌላው ቤቱ የሚበላ አልቆበታል፣ ሦስተኛው ትንፋሽ አጥሮታል። «ደበረኝ» ያለሽ ወጣት ድባቴ ላይኖርበት ይችላል፤ በቃ ሰልችቶት ነው። «ሲጨንቅዎ ምን ይሆናሉ? መጨረሻ የጨነቀዎትን ቀን ይንገሩኝ» በይ። ድምፅ መስማትም እንደዚያው ነው። «ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ሰምተው ያውቃሉ?» ስትያቸው «አዎ» ቢሉሽ አትደንግጪ። ሊተኙ ሲሉ ነው? ሊነቁ ሲሉ? የሞተች እናታቸው ድምፅ ነው? ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሟቹን ድምፅ ሊሰማ ይችላል፣ ይህም ብቻውን ሕመም አያደርገውም። ዲኤስኤም-5 ውስጥ ባህልን የሚመለከቱ 16 ጥያቄዎች ያሉት ቃለ መጠይቅ አለ። ከእነሱ አንዷን እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ «ለቤተሰብዎ ችግርዎን ሲነግሯቸው ምን ብለው ነው የሚገልጹት?» መልሱ ብዙ ጊዜ ለኔ ከተነገረኝ ይለያል።

ቤተሰብ ካልኩ አይቀር የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ተለማማጅ ሳለሁ አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ገባች። አብሮ መቀመጡ ደግነት መሰለኝ። ጠየቅኳት፣ እሱ መለሰ። ጠየቅኳት፣ ዞር ብላ አየችውና «ደህና ነኝ» አለች። አርባ ደቂቃ እንዲህ ሄድን። ወረቀቴ ላይ «ብዙ አትናገርም» ብዬ ጻፍኩ! ሱፐርቫይዘሬ ገብተው ባልየውን በትሕትና ወደ ውጭ ሸኙት። በሩ ሳይዘጋ ማልቀስ ጀመረች። ቤቷ ውስጥ ትደበደብ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ቢያጅባቸው፣ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ሰውየውን ብቻውን ሳላገኝ ምንም ስም አልጽፍም። አስተርጓሚ ካስፈለገም የቤተሰብ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ አይሁን።

አሁን ወደ ምላስሽ። ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ሐሳቡ ካለ ቀድሞም አለ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ እፎይ ይላል። ችግሩ አጠያየቃችን ላይ ነው። ስንፈራ «ራስዎን ስለማጥፋት አላሰቡም፣ አይደል?» እንላለን። ይሄ ልመና ነው። «እባክዎ አይ በሉኝ» ማለት ነው። ሰውም ይሉኝታ ስላለው «አይ፣ ኧረ ምን በወጣኝ» ብሎ ያሳርፍሻል።

በሩን ቀስ ብለሽ ክፈቺው። «ነገር እንዲህ ሲከብድ አንዳንድ ሰው ‹ባልነቃስ› ብሎ ያስባል። እርስዎስ?» ከዚያ ስሙን ጥሪው፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» «አዎ» ካሉ አትሽሺ። እንዴት ሊያደርጉት እንዳሰቡ፣ መቼ፣ የሚያደርጉበት ነገር እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ከዚህ በፊት ሞክረው እንደሆነ፣ እስካሁን ከማድረግ ምን እንዳገዳቸው ጠይቂ። ሱፐርቫይዘርሽን ሰውየው ከክፍሉ ሳይወጡ ጥሪ፤ ብቻቸውን አትተያቸው። «ለማንም አልናገርም» ብለሽም ቃል አትግቢ። የምስጢር ገደቡ የት ላይ እንደሆነ መጀመሪያውኑ፣ ሲቀመጡ ነው የሚነገረው። ምላስሽ እንዲፈታ ደግሞ ማታ ክፍልሽ ውስጥ ጥያቄውን ጮክ ብለሽ ሃያ ጊዜ ለግድግዳው ጠይቂው። ሞኝነት ይመስላል። ይሠራል።

«እንዴት ይለመዳል?» ላልሽው ከዚህ ሌላ ብዙ የለኝም። ከጓደኞችሽ ጋር ተራ በተራ ታካሚ ሁኑ፣ አንዱ ዝምተኛ ይሁን፣ አንዱ የማያቆም ወሬኛ። ሰዎቹ ከፈቀዱ ድምፅ ቅረጪና መልሰሽ ስሚ። ሱፐርቫይዘርሽ ሐሳባቸውን ከመናገራቸው በፊት ያንቺን ግምት፣ የሚደግፈውንና የሚያፈርሰውን ጽፈሽ ያዢ። በኋላ ስታነጻጽሪው የት እንደሳትሽ በራስሽ የእጅ ጽሑፍ ታይዋለሽ።

ማስታወሻውን ፊታቸው ጻፊ፣ ግን ጥቂት። ቀን፣ የመድኃኒት ስም፣ የራሳቸውን ቃል እንዳለ። ከመጀመርሽ በፊት «እንዳልረሳ ጥቂት እጽፋለሁ፣ ማየት ከፈለጉ ይዩት» በያቸው። ሲያለቅሱ ብዕሩን አስቀምጪ። ራስን ስለማጥፋት ስትጠይቂም አስቀምጪ። ፊታቸው ላይ ያየሽውንና «ስሜቴ እንዲህ ነው» ያሉትን ለየብቻ ጻፊ፤ ሁለቱ ላይገጥሙ ይችላሉ። የቀረውን እንደወጡ ወዲያው፣ ቀጣዩ ሰው ሳይገባ ሙዪው። ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ የምትጽፊው ደግሞ ጠረጴዛውን አዙሪው እንጂ ጀርባሽን እንዳትሰጫቸው።